ክዳኑን ወደ ኋላ አትግፊው ሲሉኝ

ባለቤቴ ለሥራ ድሬዳዋ በሄደበት ዓመት የሰው ሁሉ ምክር አንድ ነበር፦ «ጻፊለት»። ወንድሜ ጻፊለት አለኝ። አከራዬ ጻፊለት አሉኝ። ላፕቶፔን ያየው ባለሙያ ሳይቀር ጻፊለት አለ። እኔ ደግሞ አልጽፍም አልኩ።

እኔና ባለቤቴ መስማት የተሳነን ነን። እሱ ከተወለደ ጀምሮ፣ እኔ በሕፃንነቴ ታምሜ። የተዋወቅነው ትምህርት ቤት ነው፤ የተፋቀርነውም፣ የተጣላነውም፣ የታረቅነውም በእጃችን ነው። አማርኛ መጻፍ አያቅተኝም፤ ይኸው እየጻፍኩ ነው። ግን ለእኔ የጽሑፍ አማርኛ ከጥቁር ሰሌዳ ላይ የተለቀመ ቋንቋ ነው። ደንበኛዬ ቀሚሷ መቼ እንደሚደርስላት ስትጠይቀኝ እጽፍላታለሁ። ባሌን ግን ናፍቀኸኛል ለማለትም ሆነ አናደድከኝ ለማለት ፊቴና እጄ ያስፈልጉኛል።

አንድ ጊዜ ለሙከራ ያህል በስልክ መልእክት ላክሁለት። «ለፋሲካ ካልመጣህ አኮርፋለሁ» አልኩት። «እሺ» ብሎ መለሰ። የትኛው እሺ? በእጁ ቢሆን ኖሮ አውቀው ነበር፤ ትከሻው አብሮት ሲነሣ ሌላ ነው፣ ዓይኑ ሲስቅ ሌላ ነው። ሁለት ፊደል ላይ አፍጥጬ ዋልኩ። ከዚያ ወዲህ በቃኝ።

ጊዜው የኢሕአዴግ መንግሥት የመጨረሻዎቹ ዓመታት ነው። በዚያ ሰሞን የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ስለነበር፣ ቤቱ መስመር ያስገባ ሰው ብቻ ነበር ኢንተርኔት የሚያገኘው። እኔ ደግሞ ዕድለኛ ነበርኩ። ከመናኸሪያው ጀርባ በተከራየነው ግቢ ዋናው ቤት ውስጥ የሚኖሩት አከራዬ ለልጃቸው ትምህርት ብለው ያስገቡት መስመር ነበራቸው። ልጃቸው ተመርቆ ሲሄድ የይለፍ ቃሉን ወረቀት ላይ ጽፈው ሰጡኝ። ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፤ ቃሉን አፍታተው፣ አፋቸውን ከፍተው ስለሚናገሩ ከንፈራቸው ይነበብልኛል። ከንፈራቸው ያላደረሰውን በብዕር ይጨርሱታል።

ባለቤቴ ሲሄድ ያገለገለ ላፕቶፕ ትቶልኝ ነበር። እሱ ሥራ ሲጨርስ ከመሥሪያ ቤቱ ቢሮ ይደውላል፤ እኔ የስፌት መኪናዬን ገፋ አድርጌ ላፕቶፑን አጭሯ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣለሁ። እኛ ስናወራ እንደ ሌላው ሰው ስክሪኑ ላይ አፍንጫን መደቀን አይሆንም። ከወገብ በላይ ሙሉ መታየት አለብን። ስለዚህ ክዳኑን ወደ ኋላ ገፍቼ፣ ሁለት እርምጃ ያህል ርቄ፣ ቆሜ አወራለሁ።

ችግሩም የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። ገና ሰላምታ ሳንጨርስ የዋይፋዩ ምልክት ከሙሉ ወደ አንድ መስመር ይወርዳል፤ የባሌ ፊት እንደ ተሰበረ ሸክላ ይበታተናል፤ ከዚያ ይደርቃል። አንድ ቀን ስለ ሥራው ውል እየተከራከርን ነበር። ውሉ ሊያልቅ ነው፣ አለቃው ደግሞ ተጨማሪ ዓመት እንዲቆይ ጠይቆታል። «እና ምን ልታደርግ ነው?» አልኩት። እጁ «እቆያለሁ» የሚለው ላይ እንዳለ ምስሉ ቆመ። በእኛ ቋንቋ «አልቆይም» ለማለት እጅ ያንኑ ይሠራል፣ ጭንቅላት ግን አብሮ ይነቀነቃል። የደረቀ ምስል ደግሞ ጭንቅላቱን አይነቀንቅም።

ላፕቶፑን ጥዬው ወጣሁ። አከራዬ ልብስ እያሰጡ ነበር። ፊቴን አይተው «ምን ሆነሽ?» አሉኝ። ወረቀት ላይ ጽፌ አስረዳኋቸው።

«ጻፊለትና ጠይቂው፣ ልጄ።»

«እትዬ፣ እርስዎ ልጅዎ ሲደውል ድምፁ እየተቆራረጠ ቢያስቸግርዎ፣ ዝም ብለው ጽሑፍ ብቻ ይበቃኛል ይላሉ?» ብዬ ጻፍኩላቸው።

አነበቡት። ማሰጣቱን ትተው ራውተሩን ከፍሪጁ ላይ አንሥተው በእኔ ክፍል በኩል ወዳለው መስኮት አዞሩት። ለውጥ የለም። ስልካቸውን ይዘው ክፍሌ መጡ፤ ስልካቸው ላይ ምልክቱ ሙሉ ነው። ጥፋቱ የመስመሩ ሳይሆን የላፕቶፑ መሆኑ ታወቀ። በእሳቸው ስልክ እንዳልደውል ካሜራው በጀርባው ብቻ ነው፤ ወይ እኔ እሱን አያለሁ፣ ወይ እሱ እኔን ያያል። በተራ በተራ ሞከርነው፤ ስልኩን እንደ ቂጣ ስናገላብጥ ቆይተን ሁለታችንም በሳቅ ተውነው።

በማግስቱ አከራዬ አብረውኝ መሃል ከተማ ወደሚገኝ የኮምፒውተር ጥገና ቤት ሄዱ። ባለሙያው ወጣት ነው፤ ካቻቢቴ በጥርሱ ነክሶ ስለሚናገር ከንፈሩ አይነበብም። የተባባሉትን አከራዬ ናቸው የሚጽፉልኝ።

«ምን ሆነብኝ ነው የምትለው?» አላቸው፣ እሳቸውን እያየ።

«እሷ እዚህ ቆማለች፤ እሷን ጠይቃት። ማንበብ ትችላለች።»

አልጠየቀኝም። ላፕቶፑን ባንኮኒው ላይ ከፍቶ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ፣ ቪዲዮ ከፈተ። ቪዲዮው እንደ ውሃ ፈሰሰ። «ይኸው ይሠራል» አለ። «ኔትወርኩ ነው። ማነው ዛሬ ኔትወርክ ያለው?» ከዚያ እኔን አንዴ አይቶ ለአከራዬ፦ «ለምን አትጽፍለትም?»

ቤት ስመለስ ያው ነው። ብቻዬን ይዤለት ተመለስኩ። ሁሉን ነገር አጥፍቶ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ጫነልኝ፤ አሁንም እሱ ፊት ይሠራል፣ እኔ ፊት አይሠራም። ወንድሜ ይህን ሲሰማ «ምናልባት አጠቃቀሙን አላወቅሽበትም ይሆናል» አለኝ። አጠቃቀም! ያን ዕለት ለራሴ እንዲህ አልኩ፦ ጥፋቱን እኔው ራሴ አገኘዋለሁ፣ ካገኘሁት በኋላም ማንም ጻፊለት አይለኝም።

ላፕቶፑን አጭሯ ጠረጴዛ ላይ አድርጌ፣ ቪዲዮ እንዲወርድ አዝዤ፣ አጠገቡ ተቀምጬ ዘርፍ መጥለፍ ጀመርኩ። ምልክቱን በዓይኔ ጥግ እጠብቀዋለሁ። ሙሉ ነው። ቦታውን ቀየርኩ፤ ሙሉ ነው። ቻርጀሩን ነቀልኩ፤ ሙሉ ነው። እጄን ፊቱ አወራጨሁ፤ ምንም። «እንግዲህ እንደማወራው ልሁን» ብዬ ተነሣሁና ክዳኑን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ገፋሁት። ምልክቱ ዓይኔ እያየ ወደ አንድ መስመር ወረደ። ክዳኑን መለስኩት፤ ሞላ። ገፋሁት፤ ወረደ። እንደ በር ከፈትኩት ዘጋሁት፤ ምልክቱም ከክዳኑ ጋር ይወርዳል ይወጣል። ማጠፊያው አጠገብ የፕላስቲኩ ጠርዝ ትንሽ ተላቅቆ ነበር። በተለመደው አከፋፈት ማንም አያየውም። ባለሙያው እንደ ሁሉም ሰው ከፍቶ ስለተቀመጠ ነው ሁልጊዜ ይሠራል ያለኝ።

በባጃጅ መሃል ከተማ ገባሁ። ጥገና ቤቱ ውስጥ ሌሎች ደንበኞችም ነበሩ። ላፕቶፑን ባንኮኒው ላይ አድርጌ ክዳኑን ገፍቼ አሳየሁት፤ መልሼ አሳየሁት። ገባው። ወረቀት ሳብኩና ብዕሩን እጁ ላይ አስቀመጥኩ። በዚህ ጊዜ ለእኔ ጻፈ፦

«ገመዱ ማጠፊያው ውስጥ ተቆንጥጧል። መክፈቱ ስክሪኑን ሊሰብረው ይችላል። ዝም ብለሽ ክዳኑን ወደ ኋላ አትግፊው።»

አነበብኩት። ልጅ ሳለሁ እናቴ ታክሲ ውስጥ «እጅሽን ሰብስቢ፣ ሰው እያየሽ ነው» ትለኝ ነበር፤ እኔም እሰበስብ ነበር። ለብዙ ዓመት ሰው ባለበት እጄን ደረቴ ሥር አሳንሼ፣ እንደ ሹክሹክታ ነበር የማወራው። አሁን ደግሞ በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ላፕቶፔ፣ ልክ እንደ ሌላው ሰው ተቀመጪ ልባል ነው።

በጥገና ቤቱ ዋይፋይ ለባለቤቴ ደወልኩ። የምሳ ሰዓት ስለነበር አነሣ። ከባንኮኒው ራቅ ብዬ ቆምኩ፣ ደንበኞቹ ገለል አሉልኝ፣ ክዳኑ እስከ መጨረሻው ተገፍቷል። እጆቼን ዘርግቼ፣ ሳላሳንስ፣ «እየታየሁህ ነው?» አልኩት። ምስሉ ወዲያው ተበታተነ። ባለሙያው ተበታትኖ የቀረውን ሰው አየ፣ የእኔን የተዘረጉ እጆች አየ። ሰዎቹ ሁሉ ያዩኝ ነበር። እንዲያዩኝም ፈልጌ ነበር።

ከዚያ ወረቀቱ ላይ ጻፍኩለት፦ «እኔ የምናገረው እንዲህ ነው። አፍሽን ያዢ እያልከኝ ነው። ክፈተው። ስክሪኑ ቢሰበር የእኔ ኃላፊነት ነው።»

ካቻቢቴውን ከአፉ አውጥቶ ወረቀቱ ሥር «ተቀመጪ» ብሎ ጻፈ። ክዳኑን በጥንቃቄ ፈለቀቀው። ከማጠፊያው ሥር አንድ ቀጭን ጥቁር ሽቦ ልጡ ተገፍፎ አየሁ። ዋይፋዩን የሚቀበለው የአንቴናው ሽቦ ነው። ክዳኑ በተገፋ ቁጥር ብረቱ ይጨፈልቀዋል። ከሞተ ላፕቶፕ ውስጥ ሌላ ሽቦ አውጥቶ ቀየረው፣ ከማጠፊያው ራቅ አድርጎ አሳለፈው። ሲጨርስ እንደ ወትሮው ፊቱ አልተቀመጠም፤ ክዳኑን ገፍቶ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ፣ ቆሞ ሞከረው። ምልክቱ አልወረደም። ይቅርታ አላለኝም፤ እኔም አልጠበቅሁም። ስሄድ ግን አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ ዓይኔን እያየ ተሰናበተኝ።

የዚያን ዕለት አመሻሽ ባለቤቴ ሲደውል ክርክራችንን ካቆምንበት ጀመርን። ጭንቅላቱን ነቅንቆ ነበር፤ አልቆይም ነበር ያለው። ግን የጥያቄውን መልስ ብቻ አይቼ የምተው አልነበርኩም። የቆየ የሆዴን ሁሉ ዘረገፍኩት፤ እሱም ዘረገፈ። አንድም ጊዜ ሳይቆራረጥ ተነታረክን። እንደዚያ ዓይነት ጥሩ ንትርክ ከሄደ ወዲህ አላገኘንም ነበር።

በመሃል አከራዬ በሩን ገፋ አድርገው ገቡ። ባለቤቴ አይቷቸው ፊቱ በራ፤ እንደሚገሥጽ መምህር ሌባ ጣቱን አወዛውዞ መነጽር ወደ አፍንጫ ጫፍ የማውረድ ምልክት አሳየ። አከራዬ ወደ እኔ ዞሩ።

«ምን አለ?»

«ስምዎን ጠራዎት» ብዬ ጻፍኩላቸው። «በእኛ ቋንቋ ስምዎ ይህ ነው፤ ከተከራየን ጀምሮ።»

መነጽራቸውን ከአፍንጫቸው ጫፍ ወደ ላይ መለስ አደረጉ። ጣታቸውን አዩት። «እንዲህ ነኝ እንዴ እኔ?»

«እንዲህ ነዎት» ብዬ ጻፍኩ። ቅር እንዳይላቸው ብዬ ላለዝበው አልሞከርኩም። ካሜራው ፊት ቀርበው፣ ጣታቸውን በባለቤቴ ላይ አወዛወዙበት።