ፔዳሉን በቦርሳዬ ይዤ ጫማ ስገዛ

ቅዳሜ ገበያ መሐል ቆሜ ከእጅ ቦርሳዬ የብስክሌት ፔዳል ሳወጣ ያየ ሰው ጤንነቴን ቢጠራጠር አልፈርድበትም። እኔም ሌላ ሰው እንዲያ ሲያደርግ ባይ እጠራጠር ነበር። ግን እዚያ የደረስኩት በአንድ ቀን አይደለም።

ነገሩ የጀመረው በባጃጅ ነው። ቤቴ ከበሬሳ ወንዝ ማዶ ነው፤ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ደግሞ በሌላው የደብረ ብርሃን ጫፍ። ቤንዚን በጠፋ ቁጥር ባጃጅ ይጠፋል፤ ባጃጅ በጠፋ ቁጥር እኔ አረፍዳለሁ። የሒሳብ አስተማሪ ነኝና ይህ የት እንደሚያደርሰኝ ለማስላት አልተቸገርኩም። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜዬ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ጋር ነበር። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሬ ያስተማርኳቸው ልጆች ናቸው፤ ማን ክፍልፋይ ሲያይ እንደሚደናገር፣ ማን መልሱን እያወቀ እጁን ለማውጣት እንደሚያፍር አውቃለሁ። በዚያ ዓመት ብሔራዊ ፈተና ይጠብቃቸዋል። ሁለት ጊዜ ካረፈድኩ በኋላ ርዕሰ መምህሩ ቢሮው ጠራኝ። በዕድሜ ታናሼ ስለሆነ ዓይን ዓይኔን ማየት አፍሮ፣ ሦስተኛ ካረፈድኩ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንደሚሰጠኝ፣ አራተኛ ከሆነ ግን ክፍሉን ለሌላ መምህር እንደሚያስተላልፍ ነገረኝ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ልጆቹ ያለ አስተማሪ ተቀምጠው ማየት ስላልቻለ ነው፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር። ቢሆንም እነዚያን ልጆች ለሌላ መምህር መስጠት አልፈለግሁም።

ባለቤቴ ለራሱ ጤና ብሎ ገዝቶት፣ ሁለት ሳምንት ነድቶ ጓዳ ያስቀመጠው ብስክሌት ነበረን። በልጅነቴ የኪራይ ሳይክል እየነዳሁ ስላደግሁ መንዳቱ አላስፈራኝም። ያልጠበቅሁት እግሬን ነው። ፔዳሉ ፕላስቲክ ሆኖ አልቆ ልሙጥ ሆኗል፤ የማስተምርበት ጫማም ሶሉ ልሙጥ ነው፤ በዚያ ላይ የጠዋቱ ውርጭ አለ። ገና ከሰፈር ሳልወጣ እግሬ ተንሸራተተና ፔዳሉ ተሽከርክሮ ቅልጥሜን መታኝ። በሳምንት ውስጥ አራት ጊዜ በአንድ ቦታ መታኝ። ተቀምጬ አስተምሬ የማላውቀው ሴትዮ ክፍል ውስጥ ወንበር መፈለግ ጀመርኩ።

ከአስፋልቱ ዳር ብስክሌት የሚጠግኑ፣ በወጣትነታቸው ይወዳደሩ የነበሩ አንድ አዛውንት አሉ። ችግሬን ስነግራቸው ሳቁና ካርቶን ውስጥ ጎርጉረው አንድ ጥንድ ጫማ አወጡ። ከሶሉ ሥር ብረት ተገጥሞለታል። ብረቱ ለእሱ በተሠራው ፔዳል ላይ ሲያርፍ ቀጭ ብሎ ይያዛል፤ ለመላቀቅ ተረከዝን ወደ ውጭ መጠምዘዝ ያስፈልጋል። ሞክሪው ብለው ከነፔዳሉ አዋሱኝ። ዳገት የሚባል ነገር ትረሺያለሽ አሉኝ፤ እውነታቸውን ነበር። ከበሬሳ ድልድይ ወደ ከተማው የሚወጣውን፣ እየገፋሁ የምወጣውን መንገድ ሳልወርድ ወጣሁት። ሦስት ቀን ቀድሜ ደረስኩ። ሦስት ቀን ሙሉ ተኮፈስኩ።

ከድልድዩ በፊት ቤተ ክርስቲያን አለ። ሁልጊዜ ቆሜ ተሳልሜ ነው የማልፈው። በሦስቱ ቀናት እያሰብኩ ተረከዜን ጠምዝዤ ነበር የምወርደው። በአራተኛው ቀን ሐሳቤ ልጆቹ ላይ ነበር። ፍሬን ያዝኩ፣ ለማማተብ ቀኝ እጄን አነሳሁ፣ ግራ እግሬን ላወርድ ስል አልወርድም አለ። ከነብስክሌቴ በጎኔ ተዘረጋሁ። ከቅዳሴ የሚወጡት ምእመናን ሁሉ አዩኝ። አንዲት ነጠላቸውን ያጣፉ እናት ብድግ አደረጉኝና አቧራዬን እያራገፉ፣ «ልጄ፣ ተሳለሚ ነው እንጂ ስገጂ ማን አለሽ?» አሉኝ። ደጀ ሰላሙ በሳቅ ተሞላ። እኔም መሳቅ ነበረብኝ፤ ግን መሪው ተጣሞ ነበርና እሱን ሳቃና ሰዓቱ አለፈ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያው በዚያው ዕለት ደረሰኝ። ክፍሌን የሚወስደው መምህር ማን እንደሚሆን ስታፍ ውስጥ መወራት ጀመረ።

ወደ አዛውንቱ ተመለስኩ። ምክራቸው አጭር ነበር፤ አትቁሚ፣ እየነዳሽ በራስሽ ጎንበስ በይ፣ እግዜር ያውቅልሻል አሉኝ። ያኔ ተናደድኩ። እኛ አገር ሰው መንገድ ሲሄድ ይቆማል። ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ ይቆማል፣ አስከሬን ሲያልፍ ይቆማል፣ የተማሪውን አባት ሲያገኝ ደህንነቱን ሊጠይቅ ይቆማል። ሥራዬ በሰዓቱ ልደርስ ብዬ እነዚህን ሁሉ በሩጫ ላልፋቸው አልፈለግሁም።

«አባባ፣» አልኳቸው፣ «እኔ የምፈልገው ዳገት ላይ የሚይዘኝ፣ መቆም ስፈልግ ደግሞ የሚለቀኝ ፔዳል ነው።»

ተነሡና ከአንድ አሮጌ ብስክሌት ላይ ጥንድ ሰፊ የብረት ፔዳል ፈቱልኝ። ዳር ዳሩ ጥርስ አለው። ጥርሱ የሚይዘው ግን ሶሉ ሲስማማው ብቻ ነው፤ እሱን ገበያ ወርደሽ ራስሽ ፈልጊ አሉኝ። አንዱን ፔዳል ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ቅዳሜ ወጣሁ።

የሳልቫጅ ጫማ የሚሸጠው ሰውዬ የአልዩ አምባ ሰው ነው። ሸራው ላይ የተደረደሩትን እያነሳሁ ሶላቸውን ፔዳሉ ላይ ስጭን በመገረም ተመለከተኝና ጫማው ለእግሬ ነው ወይስ ለብረቱ እንደሆነ ጠየቀኝ። ለሁለቱም ነው አልኩት። የቆዳ ሶሉ ተንሸራተተ። የስፖርት ጫማው ከመልፈስፈሱ የተነሳ ጥርሶቹ በሶሉ በኩል እጄን ወጉኝ። የተራራ መውጫ ጫማ የሚመስለው ደግሞ ጎድጓዳው ጥልቅ ስለሆነ ፔዳሉን ነክሶ አልለቅም አለ፤ እሱን ቶሎ አስቀመጥኩት። ሰውዬው መጀመሪያ ሳቀ፣ ቆይቶ ግን ነገሩ ያዘው። ሌሎች ገዢዎቹን ትቶ ፔዳሉን ከእጄ ወሰደና ክምሩን መበርበር ጀመረ። በመጨረሻ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን፣ ከላይ ሲያዩት የቢሮ የሚመስል፣ ሶሉ ዝርግና ጠንካራ ጎማ የሆነ ጥቁር ጫማ አወጣ። ፔዳሉ ላይ ጭኖ በሁለት እጁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሳበው፤ ፍንክች አላለም። ወደ ላይ ሲያነሳው ወዲያው ተላቀቀ።

«ወላሂ ይኸው፣» አለ፣ «ያዘም፣ ለቀቀም።»

ጫማው ለእግሬም ልክ ሆነ። ሁለታችንም አንድ ነገር የፈለሰፍን ያህል ደስ አለን።

ሰኞ ጠዋት ውርጩ ሣሩን አንጥቶት ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ስደርስ ፍሬን ያዝኩ፣ እግሬን መሬት አሳረፍኩ፣ ተሳለምኩ። ትንሽ እንደሄድኩ የአንዱ ተማሪዬ አባት አገኙኝ። እሳቸው ደግሞ ሰላምታ አያሳጥሩም። ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ ገብሱ ተጠያየቅን፤ አንዱ እግሬ መሬት ላይ፣ አንዱ ፔዳሉ ላይ ሆኖ። ከዚያ ድልድዩን ተሻግሬ ዳገቱን ተያያዝኩት። ነፋሱ ፊት ለፊት ይመጣል፤ እግሬ ግን ካሳረፍኩበት አልተነቃነቀም። ሁልጊዜ ስገፋ የሚያልፈኝን የፈረስ ጋሪ አልፌው ሄድኩ። ባለጋሪው አንድ ነገር ተናገረ፤ ሙገሳም ይሁን ስድብ አልሰማሁትም። ብቻዬን ጮክ ብዬ ሳቅሁ።

ርዕሰ መምህሩ እንደ ልማዱ የአርፋጆችን ደብተር ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ሰዓቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ጫማዬን አየ፣ ደብተሩን ሳይከፍት ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ። ያ ደብተር ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ብሔራዊ ፈተናው ድረስ ስሜን አላገኘውም።

ክፍሉ ባዶ ነበር። ጠመኔ አንስቼ የዕለቱን ጥያቄ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩና ቆሜ ጠበቅኋቸው። መጀመሪያ የመጣችው ያቺ መልሱን እያወቀች እጇን ማውጣት የምታፍረው ልጅ ናት። እኔን ስታይ በሩ ላይ ክው ብላ ቀረች፤ የእጅ ሰዓቷን ተመለከተች፣ የተጻፈውን ሰሌዳ ተመለከተች።

«ቲቸር፣ አረፈድኩ እንዴ?» አለችኝ።

በማስተማር ዘመኔ ሁሉ እንደዚያ የጣፈጠኝ ጥያቄ የለም።

«አላረፈድሽም፣» አልኳት፣ «እኔ ነኝ የቀደምኩሽ። ነይ ግቢ።»