ብርድ ያልኩት መግል

ፊደል የቆጠርኩት መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ያህል ነው። አጻጻፌ ቢንገጫገጭ ታገሡኝ።

ዕድሜዬን ሙሉ የጭነት መኪና ነዳሁ። ከወሎ መጥቼ ቃሊቲ ላይ ቤት የሠራሁትም፣ ልጆች ያሳደግሁትም በመሪ ነው። ሾፌር ደግሞ ወገቡን ሲያመው ብርድ ነው ከማለት ሌላ አያውቅም። መስኮት ከፍቶ ላቡን በነፋስ ሲያደርቅ የኖረ ሰው ሌላ ምን ይበል? ባለፈው ክረምት ወገቤ መሃል አንዲት ቦታ እንደ ፍም ስታቃጥለኝ፣ ብርድ ነው አልኩ፤ አለቀ።

ባለቤቴ ግን አላለቀላትም። "ብርድ ሰው ያተኩሳል እንዴ? ግንባርህ ላይ እኮ እንቁላል ይጠበሳል!"

"አንቺ ደግሞ መቼ ሐኪም ሆንሽ?" አልኳት።

ወዳጄ የሆነ ወጌሻ አስጠርቼ በዘይት አሳሸሁ። ጠበቅ አድርገው ስለው አጠበቀው፤ ኮከብ አየሁ። "ለቀቀህ?" አለኝ። "ለቀቀኝ" አልኩት። አልለቀቀኝም፤ ግን ሰው ፊት አመመኝ ማለት አልወድም።

እንዲህ እንዳለሁ አንድ አርብ ጀለቢያዬን ለብሼ ለጁምዓ ሶላት ወጣሁ። ቀኝ እግሬ እየተጎተተ አስፋልቱ ጋ ደረስኩ። ባለቤቴ አንድ ነጠላ ጫማዬን ይዛ እየሮጠች ደረሰችብኝ። ለካ ደጃፍ ላይ ከእግሬ ወልቆ ቀርቷል፤ ባዶ እግሬን ጠጠር ስረግጥ አልተሰማኝም። ከጠዋት ጀምሮ ሽንትም እምቢ ብሎኛል። ይህን ግን አልነገርኳትም።

ባጃጅ አቁማ "ግባ!" አለችኝ።

"ጁምዓ ያመልጠኛል!"

"እግርህ ካመለጠህስ?"

ገባሁ። ጤና ጣቢያው አይቶ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ላከኝ። እዚያ የተቀበለችኝ ሐኪም የመጨረሻ ልጄን የምታክል ሴት ናት። ትንሽ መርፌ ይዛ፣ "አባባ፣ አይንዎን ይጨፍኑ። እግርዎን ስነካዎት ይንገሩኝ" አለችኝ።

ጨፈንኩ።

"አሁንስ?"

"ይሰማኛል።"

"አሁንስ?"

"ይሰማኛል አልኩሽ እኮ!"

"አሁን?"

"ኧረ ወጋሽኝ! ቀስ በይ እንጂ!"

አይኔን ገለጥኩ። እጆቿን አጣምራ ቆማለች። "አባባ፣ እስካሁን አልነካሁዎትም።"

ባለቤቴ በሳቅ ፈረሰች። "ዕድሜ ልኩን እንዲሁ ነው የኔ ልጅ! እኔም ስንቱን ችዬ!" እኔም ሳልወድ ሳቅሁ፤ ከሳቅሁ በኋላ መዋሸት አቃተኝ። ድንዛዜውንም፣ ሽንቱንም ተናዘዝኩ። ያን ጊዜ የሐኪሟ ፊት ተለወጠ። አከርካሪዬን ከላይ እስከ ታች በቡጢዋ በቀስታ አንኳኳች፤ አንዱ ቦታ ላይ ስትደርስ ከአልጋው ዘለልኩ።

"በቅርቡ ቁስል ነበረብዎት?"

"ቁስል የለም። ማጅራቴ ላይ ብጉንጅ ወጥቶ በምላጭ አፈረጥኩት እንጂ።"

"ስኳርስ?"

"አለበት" አለች ባለቤቴ፣ "ሻይ ሲጠጣ ግን ይረሳዋል።"

ደም ቀዱ፤ ኤም አር አይ የሚሉት ቱቦ ውስጥ አስገቡኝ። ወፍጮ ቤት እንደ መተኛት ነው፤ ዱቄቱ ብቻ ነው የቀረው። ስወጣ ሐኪሟ ነገሩን አስረዳችኝ። የብጉንጁ ጀርም በደም ሄዶ አከርካሪዬ ውስጥ መግል ቋጥሯል፤ መግሉም ህብለ ሰረሰሬን ተጭኖታል። ገባኝ። የነዳጅ ቱቦ ከታጠፈ ሞተሩ ደህና ቢሆንም መኪና አይሄድም።

"ዛሬውኑ ተከፍቶ መውጣት አለበት" አለችኝ። "ከዘገየን እግርዎ ላይመለስ ይችላል። ብንቸኩልም ቃል አልገባልዎትም።"

"ነገ ብናደርገውስ? ላስብበት።"

"ነገ የሚያስቡት ተኝተው ነው፤ መነሳቱን እንጃ።"

እንዲህ ፊት ለፊት የሚናገር ሰው እወዳለሁ። ፈረምኩ።

ከቀዶ ጥገናው ስነቃ መጀመሪያ ያየሁት የእግሬን ጣት ነው። ንቅንቅ የለም። መግሉን መርምረው ለዚያ ጀርም የሚሆነውን መድኃኒት በደም ሥሬ ይሰጡኝ ጀመር፤ ለብዙ ሳምንታት ነው አሉ። እኔ ግን ቀን ሙሉ አይኔን ጣቴ ላይ ተክዬ እዋላለሁ። ጎኔ ያለው በሽተኛ የአቃቂ ገበሬ የነበረ፣ ዳሌው ተሰብሮ የተሠራ ሽማግሌ ነው። ኦቦ እለዋለሁ፤ እሱ ሾፌሩ ይለኛል።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ጉርሻውን አቋርጦ ጮኸ። "ሾፌሩ! አውራ ጣትህ!"

"ምን ሆነ?"

"ሰገደ!"

አየሁት። ድጋሚ አዘዝኩት፤ ድጋሚ ታዘዘኝ። አልሐምዱሊላህ ስል ባለቤቴ እልልታውን ለቀቀችው፤ ክፍሉ ሁሉ ተከተላት። ነርሷ "ሆስፒታል ነው!" ልትል መጥታ ጣቴን ስታይ እሷም እልል አለች።

ከዚያ ወዲያ ፊዚዮቴራፒ መጣ። መቀመጥ፣ መቆም፣ የብረት መደገፊያ ይዞ መራመድ። ኦቦም መደገፊያ ነበረው። አንድ ከሰዓት ኮሪደሩ ላይ ጎን ለጎን ስንገጣጠም፣ "አንተ ሾፌር፣ አሮጌ መኪና ዳር ይይዛል" አለኝ። እንዲህ ተብዬ ልተወው? እስከ ጥጉ ድረስ ተሽቀዳደምን። ላባችን ጠብ እስኪል፣ የሕፃን እርምጃ የማታህል እርምጃ እየተራመድን። ግድግዳውን ቀድሜ ነካሁ ይላል፤ አትመኑት። ባለቤቴ ዳኛ ሁኚ ብንላት በሳቅ መተንፈስ አቅቷታል።

ነርሷ ደረሰችብን። "ማን ፈቀደላችሁ? አሁኑኑ ወደ አልጋችሁ!"

"በምን እንሂድ?" አልኳት፤ የሚገፋ ወንበር እንድታመጣልን ተስፋ አድርጌ።

"በእግራችሁ ነዋ!" አለች።

እንደዚያ ያለ ጣፋጭ ቁጣ ሰምቼ አላውቅም። ዞርንና ሄድን።