የገደኛዋ ልጅ እጅ

ከደቻቱ ድልድይ ወረድ ብሎ ባለችው ሱቄ ግድግዳ ላይ «ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች ለሆኑ ሎተሪ አንሸጥም» የሚል ወረቀት ነበር። የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ከሥሩ ቆሜ የሸጥኩትም እኔው ነኝ።

መጀመሪያ ነገሩ መሸጥ አልነበረም፣ ማስመረጥ ነበር። እኛ ሰፈር ሎተሪ የሚገዛ ሰው በገዛ እጁ መምረጥ አይወድም። የልጅ እጅ ንጹሕ ነው፣ ገድ አለው ብሎ ልጅ ይፈልጋል። አንድ ቀን አንድ የባጃጅ ሹፌር፣ ዳቦ ልትገዛ የመጣችውን የጎረቤቴን ልጅ «ነይ አቦ፣ አንዷን አንሺልኝ» አላት። አነሳችለት። ፋቀው፤ ወጣለት። ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። ከዚያ ወዲያ «ገደኛዋ የለችም?» የማይለኝ ደንበኛ ጠፋ። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ፤ ገበያዬ ደራ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ እየጠራሁ ደጃፌ ላይ አስቀምጣትና ከረሜላ እሰጣት ነበር።

ለሰው ሁሉ የሚያወጣ እጅ ለራሴ ምን ይሳነዋል ብትል ይፈረድባታል? አንድ ከሰዓት ብር ዘርግታ «እትዬ፣ አባዬ ልኮኝ ነው» አለችኝ። አባቷ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው፤ በዚያ ሳምንት ከተማ ውስጥ እንዳልነበረ አውቃለሁ። ሰጠኋት። በማግስቱም መጣች፣ በሦስተኛውም ቀን። እዚያው ቆማ በጥፍሯ ትፍቅና ፊቷ ጭልም ይላል። እኔ ስኳር የምመዝን መስዬ ዞር እላለሁ።

አንድ ቀን እናቷ ከምትሠራበት ኢንዱስትሪ ፓርክ የሥራ ልብሷን እንኳ ሳታወልቅ፣ ልጅቷን እጇን ይዛ እየጎተተች መጣች። በሌላው እጇ የተፋቁ ሎተሪዎች ጨብጣለች። ከልጅቷ ቦርሳ ነው ያገኘቻቸው። ለትምህርት ቤት መመዝገቢያ የተቀመጠው ብር አልቋል።

«እህቴ፣ አንቺስ ለልጅ እንደማትሸጪ ለጥፈሻል፤ ነጋዴ ነሽ፣ ታውቂያለሽ። ለዚች ሕፃን ይህን የሚሸጥላት ማነው? ወላሂ አልላቀቀውም!»

እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። ሁለት ቃል ነው።

«እኔ እንጃ፣ ታይዋን ገበያ አካባቢ ይሆናል» አልኩ። «እዚያ ለማንም ይሸጣሉ።»

እናትየው ወደ ልጇ ዞረች። «ታይዋን ነው?»

ልጅቷ አየችኝ። ብትናገር አልቆልኝ ነበር።

«አዎ» አለች።

«የማን ሱቅ?»

«አላውቀውም።»

«ልትዋሺኝ!» ብላ በጥፊ አጮለቻት። ውሸቱ የኔ ነበር። ጥፊው እሷ ላይ አረፈ። እኔ ደግሞ፣ አፈር ልብላና፣ «ተይ እንጂ፣ ልጅ ናት» እያልኩ ገላጋይ ሆንኩ።

ሎተሪውን በዚያው ሳምንት ተውኩ፣ ወረቀቱንም አነሳሁት። ለእናትየው ግን እስካሁን አልነገርኳትም። ፈሪ ነኝ። አሁን ልጇን ዕቃ ስትልክ ድምፅዋ ከግቢያቸው በር እስከ ሱቄ ይሰማል፦

«ሌላ ሱቅ እንዳትገቢ! እሷ ጋ ብቻ!»

ልጅቷም ትመጣለች። ሌላ የት ትሂድ?