ተረፈች ራሷን የቀጠረች ጊዜ

ሱሉልታ ላይ ላም ያለው ሰው ሁሉ ተረፈችን ያውቃታል። የከብት መኖ፣ ፉርሽካና ፋጉሎ፣ መሸጥ ከጀመረች አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ኩንታሉን በዓይኗ መዝና ብትስት ግማሽ ኪሎ ነው። ገበያ ላይ ማንም አያታልላትም። ባንክ ላይ ግን፣ እውነቱን እንናገር፣ ራሷን በራሷ ስታታልል ኖራለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት የባንክ ደብተር አወጣችና ለክፉ ቀን ብላ ትንሽ በትንሽ አስገባች፤ ስልሳ አራት ሺህ ብር ደረሰላት። አንዲት ብር አውጥታ አታውቅም። «የባንክ ብር ከተነካ በረከቱ ይሄዳል፤ ባንኩም ይንቅሻል» ትላለች በኩራት። የቀረው የሱቁ ብር ደግሞ ከመሳቢያ ወጥቶ መሳቢያ ይገባል እንጂ የባንክ ደጃፍ አይረግጥም።

መጋቢት መጀመሪያ ላይ የሱቁ ባለቤት ኦቦ አማኑ መጡ። «አካም ቡልቴ ተረፈች» ብለው በኦሮምኛ እንዴት አደርሽ አሉና ሳይቀመጡ ተናገሩት። ከመስከረም ጀምሮ የዓመቱን ኪራይ፣ መቶ ሰማንያ ሺህ ብር፣ በአንድ ጊዜ ነው የሚፈልጉት። ካልሆነ አንድ የብሎኬት ነጋዴ እከፍላለሁ ብሏቸዋል።

«አሥራ አራት ዓመት ሙሉ አንድ ወር አሳልፌብዎት አውቃለሁ?»

«አታውቂም። ግን ልጄን ልድር ነው፤ ምን ላድርግ?»

ተረፈች ያን ቀን ምሳ አልበላ አላት። ሱቁን ካጣች ደንበኛው ይበተናል፤ በሃምሳ ሁለት ዓመት ደግሞ ከየት ይጀመራል? በማግስቱ ነጠላዋን አስተካክላ የጎደላትን ልትበደር ባንክ ሄደች። ስድስት ዓመት ሙሉ ብራቸውን ስላልነካች ብድሩን በሁለት እጃቸው የሚያቀርቡላት መስሏት ነበር እኮ!

የብድር ሠራተኛው ዮአብ የልጇ እኩያ ነው። ኮምፒውተሩን አየና «እትዬ፣ ሒሳብዎ እንቅስቃሴ የለውም» አላት።

«አልነካሁትማ!»

«ችግሩ እሱ ነው። የሚነግዱ መሆንዎን በምን እንወቅ? ብር ሲገባና ሲወጣ ካላየን፣ ለእኛ ሱቅ የለዎትም።»

ተረፈች ተናደደች። ከዚያ አፈረች። ከዚያ ደግሞ፣ ተረፈች ናትና፣ ወንበሯን ጠጋ አድርጋ «እሺ፣ አስተምረኛ!» አለችው። ዮአብም ሳይሰለች አስረዳት። ሽያጩ በሙሉ በሒሳቧ ይለፍ፤ የሱቁና የጓዳው ብር አይቀላቀል፤ ለራሷም እንደ ሠራተኛ ወርኃዊ ደሞዝ ትቁረጥ። ስድስት ወር ያህል እንዲህ ከታየ ብድሩ ይታሰባል።

«ራሴን ልቅጠር?» አለችና ሳቀች።

የዕቁባቸው ጸሐፊ ማሪቱ ይህን ስትሰማ አቋራጭ አመጣች። «ምን ያለፋሻል! ሰብሳቢዋ አንቺ አይደለሽ? የዕቁቡን ብር በየሳምንቱ በስምሽ አስገቢና አውጪው፤ እንቅስቃሴ ከፈለጉ ይኸውላቸው!»

«በሰው ቀሚስ ልሞሸር? ሂጂ ወዲያ!»

ሥራው ቀላል አልነበረም። ገበሬው «ብሩን በባንክ ልኬልሻለሁ» ብሎ የራሱን ስልክ ሲያሳያት፣ በእሷ ስልክ መልእክቱ ካልገባ ኩንታል አታስነሳም፤ አንዳንዱ ተቀየማት። ይበልጥ የከበዳት ግን ደሞዙ ነው። ስምንት ሺህ ብር ቆረጠች፤ በአሥራ ስምንተኛው ቀን አለቀ። ድሮ ለለቅሶው፣ ለአራስ ጥየቃው፣ ለዘመድ መሳፈሪያው ከመሳቢያው ዘግና ትሰጥ ነበር፤ ስንት እንደሚሄድ ለካ አንድም ቀን ቆጥራው አታውቅም። «ይሄን ሁሉ ዓመት የበላሁት እኔው ነኝ!» ብላ ጮኸች፣ ሱቁ ውስጥ ብቻዋን። ለቅሶ መድረሱን አልተወችም፤ ከደሞዟ ሆነ እንጂ። በሦስተኛው ወር ስምንቱ ሺህ ሠላሳ ቀን አደረሳት። ድሮ ከመሳቢያው የሚበተነው ትርፍም ሒሳቧ ላይ ይጠራቀም ጀመር።

ነሐሴ ማብቂያ ላይ ዮአብ ራሱ ደወለላት። ስትደርስ ወረቀቱን ዘርግቶ ጠበቃት።

«እትዬ ተረፈች፣ መቶ ሃያ ሺህ ብር ተፈቅዶልዎታል። እዚህ ጋ ይፈርሙ።»

«ቆይ። በዓመት ስንት አድርጌ ነው የምመልሰው?»

«ከነወለዱ መቶ ሠላሳ አንድ ሺህ ግድም።»

«ሒሳቤ ላይ ያለኝስ?»

ዮአብ ኮምፒውተሩን አየ። ደግሞ አየ። «መቶ ዘጠና ሁለት ሺህ» አለ ቀስ ብሎ።

«አውቃለሁ። ካንተ አፍ ልስማው ብዬ ነው። መጋዘኔም ሙሉ ነው፤ ታዲያ አሥራ አንድ ሺህ ብር ወለድ የምከፍለው ለምኔ ነው?»

ወረቀቱን ወደ እሱ መለሰችለት። በደስታ ስልኳን አውጥታ እዚያው ወንበር ላይ መቶ ሰማንያውን ሺህ ለኦቦ አማኑ ላከች። ብዙም ሳይቆዩ ደወሉ።

«ተረፈች፣ ብሩ ገብቷል! ውሉን መቼ እንፈራረም?»

«ዛሬውኑ። ኪራዩም ለሁለት ዓመት አይጨምርም ተብሎ ይጻፍልኝ።»

ኦቦ አማኑን ሳል ሳል አላቸው። ማታ ግን እንዳለችው ጻፉት።