መኖሩ የተረጋገጠ ሰው

ከአገር የወጣሁበት ዋዜማ የሚካኤል ማኅበር እኛ ቤት ነበር። አባቴ ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ በቆሎና ጤፍ የሚያርሱ ገበሬ ናቸው፤ እኔ ደግሞ ከተማው ውስጥ ሒሳብ አስተማሪ ነበርሁ። በማኅበራችን ወግ ለሚቀጥለው ወር የሚደግሰው ሰው ጽዋውን ከቄሱ እጅ ይቀበላል። አባቴ ብድግ አሉና «ልጄ ይቀበል» አሉ።

የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው፣ ደነገጡ። «ነገ ባሕር ማዶ የሚሻገር ሰው እንዴት አድርጎ ነው የሚደግሰው?»

«ተመልሶ ይደግሳል። እስተዚያው ተራው በደረሰ ቁጥር እኔ አለሁለት።»

ተቀበልሁ። ጽዋው እቤት ቀረ፣ እኔ ለሒሳብ ትምህርት ጀርመን ገባሁ። እንግዲህ አባቴ በማኅበርተኛው ፊት ቃላቸውን ያስያዙት በእኔ መመለስ ነው።

እናንተ ሻንጣ የምታሰናዱ ወገኖቼ፣ ምግቡን አስቀድሜ ልንገራችሁ። የቡሬን በርበሬ ለለመደ አፍ እዚህ ፓፕሪካ የሚሉት ነገር ቀለም ነው። ጎረቤት ቡና ለመጠጣት «ቴርሚን» ይያዛል፤ ማለትም ከሦስት ሳምንት በኋላ ትቀጠራላችሁ፣ ያን ዕለት ቡና ባያምራችሁም ትጠጣላችሁ።

የመኖሪያ ፈቃድ ቢሮ ደግሞ አለላችሁ። መስታወት ጀርባ የተቀመጠችው ሴት ምን እንደማጠና ጠየቀችኝ።

«ኖንሊኒየር ባውንደሪ ቫልዩ ፕሮብሌም። አዎንታዊ መፍትሔ እንዳላቸው አረጋግጣለሁ።»

ፊቷ ሲጠቁር ጊዜ አብራራሁ። ሁለት ጫፉ በረዶ ውስጥ የተቀበረ ብረት አስቢ አልኋት። ጫፎቹ ዜሮ እንዲሆኑ ተፈርዶባቸዋል። ብረቱ ግን ሞቅ ሲል ከራሱ ሌላ ሙቀት ያፈልቃል፣ ያውም በተመጠነ መንገድ አይደለም። ታዲያ መሐሉ ከዜሮ በላይ ሆኖ ሊረጋ ይችላል ወይ? ከዳር እስከ ዳር ዜሮ ነው ማለቱም መልስ ነው፤ ግን ያንን ለማወቅ ማን ይሰደዳል?

«እሺ፣ ሙቀቱ ስንት ነው?» አለችኝ።

«እሱን አላውቅም። መኖሩን ብቻ ነው የማረጋግጠው።»

«ለዚህ ነው መንግሥታችን የሚከፍልህ?» ብላ ማኅተሟን አነሳች። የአገሯን ግብር ከፋይ አዝናለት ይመስለኛል፣ ቀስ አድርጋ ነው የመታችው።

ይህንኑ ማብራሪያ ለአከራዬ ለአሮጊቷም ኬክ እየበላን አጫውቻት ነበር፤ እዳዬን! ክረምቱ ገብቶ ሃይጹንግ የሚሉት ማሞቂያ ሲቀዘቅዝ በሯን አንኳኳሁ።

«ማሞቂያ የለም ነው የምትለኝ? ግድግዳው ላይ አይታይህም?»

«መኖሩንማ አያለሁ። አይሞቅም ነው የምልሽ።»

«አንተ የምትፈልገው መኖሩን ብቻ አይደለም እንዴ?»

በኔው ሙያ ጉድ ሠራችኝ። ያን ክረምት ጋቢ ለብሼ፣ ቲዎረሜን አረጋግጬ ጨረስሁ፤ ቢያንስ አንድ አዎንታዊ መፍትሔ አለ። ጣቶቼ ግን ዜሮ ላይ ነበሩ።

አገር ቤት መመለሱ ግን እንደ ቲዎረሙ አልሆነልኝም። ፈቃዱ ሲገኝ መንገዱ ይዘጋል፣ መንገዱ ተከፈተ ሲባል ፈቃዱ ያልቃል። አባቴ በእኔ ተራ ይደግሳሉ፤ ዳቦው ይቆረሳል፣ ጠላው ይጠጣል፣ እኔ በስም እመረቃለሁ።

ባለፈው ሰሞን ኔትወርክ የተመለሰ ዕለት ደወልሁ።

«ተራህ ደርሶ ደገስን» አሉኝ አባቴ። «ሙሴው ‹ልጅህ ይመጣል ወይስ ቦታውን ለሌላ እንስጠው?› አሉኝ።»

«እርስዎስ ምን አሉ፣ አባባ?»

«መምጫው አለ አልኋቸዋ። መቼ ቢሉኝ ጊዜ፣ አንተው እንደነገርኸኝ፣ የልጄ ሙያ መኖሩን ማረጋገጥ ነው፣ መቼ እንደሁ መናገር የሱ ሥራ አይደለም አልኋቸው።»

«ምን አሉ ታዲያ?»

«ሳቁ። ቄሱ ሳይቀሩ ሳቁ። ጽዋውንም ተውልኝ።»

እኔም ሳቅሁ። አባቴ ግን አብረውኝ አልሳቁም። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ሰው አጠገባቸው ነበር መሰለኝ።

«በል እንግዲህ ልጄ፣ ለኔ ለብቻዬ ንገረኝ። ጉልበቴም እየደከመ ነው። እውነት መምጫህ አለ?»

ሙያዬ ነው፤ መነሻውን አስቀምጬ፣ ጫፉን ይዤ፣ ደረጃ በደረጃ ሄጄ ነው አለ የምለው።

«አለ፣ አባባ» አልኋቸው።

ያለ ማረጋገጫ አለ ስል የመጀመሪያዬ ነው።