አልረገጥ ያለው ፍሪሲዮን

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ኅዳር፣ ቡናው ቀልቶ ሁሉም ሰው ለቀማ ላይ በነበረበት ሰሞን ነው። ያልረሳሁት ስለተገረምኩ አይደለም። ለዓመታት ስጠብቀው የነበረ ነገር ባላሰብኩት ቦታ፣ በግራሶ ተለውሶ ስለወጣ ነው።

የሰውየውን ስም አልጽፍም። የሟች ባለቤቴ ታናሽ ወንድምና የመንገድ ኮሚቴያችን ሰብሳቢ ነው። ካነበበው ራሱን ያውቃል።

ባለቤቴ ከላዩ የማያወልቀው ግራጫ ካፖርት ነበረው። የታችኛው ቁልፍ ወድቆ ስለጠፋ ከራሴ ቀሚስ ላይ ቆርጬ አረንጓዴ ቁልፍ ተክቼበት ነበር። በእኛ ቤተሰብ ልማድ የሟች ካፖርት ለታላቅ ወንድሙ ይሰጣል። ታላቅየው የሚኖረው ብርዳሙ ደጋ ቡሌ ነበር፤ ቡሌ ደግሞ ካፖርት ጌጥ አይደለም፣ እንደ እህል ያስፈልጋል። የሐዘኑ ድንኳን ሲፈርስ ሽማግሌዎች ሊወስዱለት መጡ። ካፖርቱ ከተሰቀለበት የለም። ያን ጊዜ ታናሽየው ጉሮሮውን ጠርጎ ተነሳና፣ “ገደብ ገበያ ወስዳ ሸጣዋለች ይባላል” አለ።

“ይባላል” ማለት ይወዳል። ማን እንዳለ ግን ተናግሮ አያውቅም።

ታላቅየው ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታ ነሳኝ። እንደነሳኝም ሞተ። ቀብሩ ላይ ሴቶቹ ከአጠገቤ ፈቀቅ ብለው ቆሙ። እኔም ያንን ቆጥሬ አስቀመጥኩ።

አሁን ወደ ዶዘሩ ልምጣ። ድሮ አንድ ተቋራጭ ጥሎት የሄደ፣ በሰንሰለት የሚሄድ አሮጌ ዶዘር አለን። ሰብሳቢያችን ግቢ፣ እንሰት መሀል ለዓመታት ቆሞ ዶሮዎች ሲፈለፈሉበት ኖሯል። ሰብሳቢው ግን የሕዝብ ንብረት ጠባቂ እየተባለ በየስብሰባው ይጨበጨብለታል። ባለፈው ኅዳር መንገዱ ቡና ለሚጭነው አይሱዙ እንዲሰፋ ተወሰነ። ከዲላ ተሾመ የሚባል፣ ዶዘር መንዳቱንም መጠገኑንም የሚያውቅ ወፍራም ሰውዬ መጣ። ሞተሩን አስነሳው። ፍሪሲዮኑ ግን በጣም ጠንክሮ ስለነበር ፔዳሉን በሁለት እግሩ ቆሞበት ነበር የሚረግጠው። ጸሎት ተደረገ፣ ሰብሳቢው ስለ ልማት ረጅም ንግግር አደረገ፣ ዶዘሩም እያቃሰተ ወጣ።

ከእኔ ደጅ በታች ያለው ጠመዝማዛ ላይ ሲደርስ መንገዱ ላይ እንደተጋደመ ቆመ። ፔዳሉ ጭራሽ አልረገጥ አለ።

እኔ ደግሞ ከማለዳ ጀምሮ ያስለቀምኩት እሸት ቡና በጆንያ ሆኖ ደጄ ላይ ነው። ቡና የሚያውቅ ያውቃል፤ እሸቱ በተለቀመበት ቀን ማጠቢያው ካልደረሰ ይሞቃል፣ ይኮመጥጣል፣ ይመለሳል። የዓመት ልፋቴ ያ ነው። አይሱዙው ከዶዘሩ ወዲያ ማዶ ቆሞ ጡሩንባ ይነፋል። በሸክም እንዳናሳልፍ በአንዱ ጎን ገደል ነው፣ በሌላው ጎን ዶዘሩ የቆለለው ጭቃ።

መንደሩ ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ እሳት ይነደድበት አለ። አንዷ ለጋ ቅቤ አመጣች፤ በእግዚአብሔር ስም ፔዳሉ ተቀባ። ተሾመ ቅቤውን በጨርቅ ጠረገው። ከዚያ ከፔዳሉ ስር ያለውን ላሜራ ልክፈተው ሲል ሰብሳቢው ዘሎ መሀል ገባ።

“አይከፈትም። ከላይ ግራሶ ይበቃዋል።”

“ጋሼ፣ የታመመው ከላይ አይደለም” አለው ተሾመ።

“የሕዝብ ንብረት ሆድ ያለ ኮሚቴ ውሳኔ አይከፈትም።”

ስለዚህ ኮሚቴው እንሰቱ ጥላ ስር ተቀመጠ። መክፈቻ ጸሎት ተደረገ፣ አጀንዳ ቀረበ፣ አጀንዳው ይጽደቅ አይጽደቅ ተብሎ ሌላ ንግግር ተጀመረ። እኔ እጄን ጆንያው ውስጥ ከተትኩ። ቡናው መሞቅ ጀምሯል። ሄጄ ፍጠኑ ብላቸው ሰብሳቢው ፊቱን ወደ ሕዝቡ አዞረ።

“መንገዱ እንሰቷን ስለነካባት ያልወደደች ሰው አለች። ዶዘሩ ውስጥ አሸዋ ጨምራለች ይባላል።”

ሁሉም ዞሮ አየኝ። ያንን አተያይ ከድንኳኑ ጊዜ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

“እንግዲያው ይከፈት” አልኩ። “አሸዋዬ ይውጣና ሕዝብ ይየው።”

ሰብሳቢውን ላብ አጠመቀው። ድምፁን አለስልሶ፣ መክፈት አያስፈልግም፣ ኮሚቴው ይቅር ብሎኛል አለ። በሕይወቴ ሳልጠይቅ ይቅር የተባልኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

“ይቅርታውን አልቀበልም” አልኩት። “ተሾመ፣ ክፈተው።”

ተሾመ ለካ እነሱ አጀንዳ ሲያጸድቁ ቡሎኖቹን ፈትቶ ጨርሷል። ላሜራውን አነሳና በደረቱ ተኝቶ እጁን ወደ ውስጥ ሰደደ። መጀመሪያ የአይጥ ጎጆ ወጣ። ቀጥሎ፣ ከፔዳሉ ወደ ፍሪሲዮኑ በሚሄደው ዘንግ ላይ የተጠመጠመ፣ በግራሶና በጭቃ እንደ ቁርበት የደረቀ እጅጌ ወጣ። ሲስበው ትከሻ መጣ፣ ጀርባ መጣ።

“ዝናብ እንዳይገባ ነው መሰለኝ የወተፉት” አለ ተሾመ። “እማማ፣ ካፖርት ነው።”

ተቀብዬው ታችኛውን ጫፍ በቀሚሴ ጠረግኩት። አረንጓዴ ቁልፍ።

አላለቀስኩም። ያን ዕለት ካፖርቱን ሊወስዱ ከመጡት ሽማግሌዎች አንዱ እዚያው ቆመው ነበር፤ ወስጄ ዓይናቸው ስር ያዝኩላቸው። ቁልፉን ደባበሱት፣ ቀሚሴ ላይ የቀሩትን አረንጓዴ ቁልፎች አዩ፣ ከዚያ ሰብሳቢውን አዩት። ሰርቆ ሊለብሰው አልቻለም፤ ሰው ያውቀዋላ። መጣሉ ደግሞ አላስቻለውም። ስለዚህ ለልማት አዋለው።

“ገደብ ገበያ ተሸጧል ይባላል” አልኩ።

ማንም አልሳቀም። ሰብሳቢው ብቻ፣ “ካፖርቱ በመገኘቱ እግዚአብሔር ይመስገን” ብሎ ማጨብጨብ ጀመረ። ብቻውን አጨበጨበ።

ተሾመ ዘንጉን በናፍጣ አጥቦ፣ ግራሶ ቀብቶ ፔዳሉን ረገጠው። በአንድ እግር ወረደ። ዶዘሩ ጠርዝ ያዘ፣ አይሱዙው መጣ፣ ቡናዬ የማጠቢያው በር ሊዘጋ ሲል ደረሰ። ከታች የነበሩት ጆንያዎች ግን ኮምጥጠው ተመለሱ። እሱንም አልረሳሁለትም።

ሽማግሌዎቹ በሳምንቱ ሊያስታርቁን ተቀመጡ። የሕዝብ ንብረት ዝናብ እንዳይመታው አስቦ እንጂ በክፋት አይደለም ተባለ። ካፖርቱን ከቤቴ ማን እንደወሰደው የጠየቀ የለም። ቡሌ ድረስ ሄዶ፣ “ሰውየው ሆይ፣ አልሸጠችውም” ብሎ የታላቅየው መቃብር ላይ የሚናገርም አልተገኘም። እኔው ሄጄ ተናገርኩ። ንፋሱ ብርቱ ነበር፤ ለብሼው ነው የሄድኩት።

ደጋግሜ አጥቤዋለሁ፤ የግራሶው እድፍ አይለቅም፣ እኔም እንዲለቅ አልጸልይም። አሁን ሰብሳቢው ንግግር የሚያደርግበት ስብሰባ አያመልጠኝም። ካፖርቱን ለብሼ ቁልፎቹን ሁሉ ቆልፌ፣ ፊት ለፊቱ እቀመጣለሁ። አረንጓዴዋን ሲያያት የጀመረው ዓረፍተ ነገር ይጠፋዋል። ስብሰባችን በጊዜ ማለቅ ከጀመረ ወዲህ ሰው ሁሉ ይመርቀኛል።

አንዳንዶች ግን ታርቃችሁ የለም ወይ፣ ለምን ትለብሺዋለሽ ይሉኛል። ታርቄያለሁ። ፀሐዩ አናት እየበሳም ቢሆን፣ በርዶኝ ነው እላቸዋለሁ።