የሞጣው አስተያየት ሰጪ

ቢቸና ተቀምጬ በምጽፈው ብሎግ ላይ «ጤፍ ማለት የቢቸና ጤፍ ነው» ብዬ ለጠፍሁ። «የሞጣው» የሚባል ሰው ከሥር «የሞጣን ሳትቀምስ አትፍረድ» ብሎ ጻፈብኝ። ጓደኞቼ አጥፋው አሉኝ። ሙግት የሚፈራ ብሎግ አይክፈት ብዬ መልስ ሰጠሁት። እሱም አልተኛልኝም። አንባቢው ጎራ ለይቶ ገባበት፤ ከጽሑፌ ይልቅ ክርክሩ ተነበበ።

በዚህ መሀል የምወዳትን ልጅ ለማስጠየቅ ሞጣ ሽማግሌ ላክሁ። አባቷ ሰምተው «መልሴን ራሱ ያነበዋል» ብለው ሸኟቸው። ሽማግሌዎቹ ግራ ገብቷቸው ተመለሱ። ብሎጌን ስከፍት ከጤፉ ጽሑፍ ሥር «የሞጣው» እንዲህ ብሏል፦ «ልጄን ሰጥቼሃለሁ። በጤፉ ግን አልስማማም።»

እስከዚያ አንተ እያልሁ የሞገትኋቸውን ሰው አንቱ ብዬ መለስሁላቸው፦ «አባባ፣ ልጅዎን በደስታ ተቀብያለሁ። ስለ ጤፉ ግን አሁንም ተሳስተዋል።»